የመጀመሪያው እፍኝ

ከገረሴ በላይ፣ የካቲት 2 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ አዲስ አበባ ላለው ለወንድሜ ልጅ ለደግፌ ኦይታ።

አባትህን ያኖረ አምላክ አንተንም ያኑርህ። ሚስትህን ልክነሽንና ልጆችህን በደህና ያቆይልህ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ እስካሁን ዝናቡ አልመጣም ማለቴ ነው።

ይህን የምትጽፍልኝ የትምህርት ቤቷ አስተማሪ ጽጌሬዳ ናት። ልጅቱ ከሸዋ ናት። ከአፌ እንደወጣ ጻፊ ብያታለሁ፤ ስጨርስ መልሳ ታነብልኛለች፣ ያለሰለሰችውን አውቃለሁ። አማርኛውን ጉለሌ ሸማ ስሠራ ተምሬዋለሁ፤ ስድቡን ከሁሉ አስቀድሜ።

ነገሬ አጭር ነው። አባትህ ኦይታ ካረፈ ወዲህ ባይራችን አንተ ነህ። እዚህ ላይ ጽጌሬዳ ብዕሯን አንስታ "ባይራ ምንድን ነው አባባ?" አለችኝ። የበኩር ማለት ነው አልኳት፤ እሱ ሳይዘራ የማንዘራ፣ እሱ ሳያርድ የማናርድ። "እርስዎ ሽማግሌ፣ እሱ ወጣት፤ እንዴት እሱ ይቀድማል?" አለች። የሚቀድመው ሽበት አይደለም፤ የበኩር ልጅ የበኩር ነው፣ እኔ ታናሽ ሆኜ ተወልጄ ታናሽ ሆኜ እሞታለሁ አልኳት። ገርሟት ጻፈች። አንተ ግን ይህን ከእናትህ ጡት ጋር ስለጠባኸው አላስረዳህም።

ገብሱ ተመርጦ ተቀምጧል። ማሳው ተቆፍሮ ለስልሷል። እኔ፣ ታናሼ ደበሌ፣ የሟቹ የትንሹ ወንድማችን ሚስት ሻሺቱ፣ ሦስታችንም እጃችንን አጣጥፈን አንተን እንጠብቃለን። የምትሠራው ትንሽ ነው። አባትህ ማሳ ላይ ቆመህ የመጀመሪያውን እፍኝ ትበትናለህ። እኔ እከተላለሁ፤ ከእኔ በኋላ ደበሌ፤ ከደበሌ በኋላ ሻሺቱ። ከዚያ ብትፈልግ እጅህን ታጥበህ በዚያው ቀን ወደ ስብሰባህ ተመለስ።

ሰማዩ በአባያ በኩል ጠቁሯል። ና።

አጎትህ ዳልጮ ዳና፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ።


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለአቶ ዳልጮ ዳና።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የደጋው ብርድ ጉልበትዎ ላይ አልበረታም ወይ? እኔ፣ ልክነሽና ልጆቹ ከናፍቆትዎ በቀር ምንም አልሆንንም።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የአባቴን ማሳ እረሳለሁ ብለው እንዳያስቡ። ይሁንና እንደሚያውቁት የምሠራው በእርሻ ፕላን ክፍል ነው። ዘንድሮ በሀገር አቀፍ ደረጃ የትኛው ሰብል በየትኛው ቀን መዘራት እንዳለበት የሚያሳየውን የጊዜ ሰሌዳ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ስለ ሌላው ገበሬ የዘር ወቅት ስጨነቅ ምሳዬን የምረሳበት ቀን ብዙ ነው።

አጎቴ፣ ቅር ካላልዎት አንድ ምክር ላካፍልዎ። ሰው ጊዜ የሚያጥረው ሥራ ስለበዛበት አይደለም፤ ለሥራው ቅደም ተከተል ስላላወጣለት ነው። አስቸኳይ የሆነ ነገርና አስፈላጊ የሆነ ነገር አንድ አይደሉም። አስቸኳዩ ይጮሃል፤ አስፈላጊው ዝም ይላል፤ ሰው ደግሞ የሚሮጠው ወደሚጮኸው ነው። እርስዎም ምሽት ላይ የነገውን ሥራ ለይተው ይመድቡ። ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለውን ለሌላ ሰው ያካፍሉ። ይህን ሞስኮ ሳለሁ ነው የተማርኩት፤ ሕይወቴን ለውጦታል።

መምጣቴን በመጋቢት አጋማሽ ፕሮግራሜ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። እስከዚያው ያሳተምነውን ሰሌዳ ልኬልዎታለሁ። ምሰሶው ላይ ይስቀሉት።

ኢትዮጵያ ትቅደም!

አክባሪዎ ደግፌ ኦይታ


ከገረሴ በላይ፣ መጋቢት 19 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለደግፌ ኦይታ።

ሰላም ላንተ ይሁን። ለሚስትህ ግን ካንተ የበለጠ ሰላም ይሁንላት፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።

የመጋቢት አጋማሽ አለፈ። አንተን አላየንም፤ ሰሌዳህን አየን። የትራክተር ሥዕል አለበት። እዚህ አቀበት ላይ ትራክተር ቢወጣ የሚወርደው ተንከባሎ ነው። ጽጌሬዳ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልን፤ "የደጋ ገብስ እስከ መጋቢት አሥር" ይላል። ይህን የጻፍከው አንተ ነህ? እንግዲያው አንተን ስንጠብቅ ባንተ ጽሕፈት ዘግይተናል።

ዝናቡ መጥቷል። የጎረቤቶቻችን ቡቃያ ብቅ ብሏል። የእኛ ማሳ በመካከሉ እንደ ወላቃ ጥርስ ጠቁሮ ይታያል። ገበያ የሚወርድ ሁሉ ቆም ብሎ አይቶት ያልፋል። ሲያልፍ ደግሞ ይስቃል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካሱ መጣ። ያው ያንተ ሰሌዳ በእጁ ተጠቅልሏል። "ጋሽ ዳልጮ፣ ቀኑ አልፏል። ያልተዘራ መሬት ለሚዘራ ይሰጣል፤ መመሪያ ነው" አለኝ።

"ሰሌዳውን ማን ጻፈው?" አልኩት።

"መንግሥት።"

"መንግሥት እጅ የለውም። የጻፈው የወንድሜ ልጅ ነው፤ የምንጠብቀውም እሱን ነው" አልኩት።

ሳቀ። ደግፌ፣ በሰው ፊት ሳቀብኝ። ትናንት ፍየል ይጠብቅልኝ የነበረ ሰው ነው።

አሁን ምክርህን ልመልስልህ። አስቸኳይና አስፈላጊ አንድ አይደሉም አልክ። ይህን ለማወቅ ሞስኮ መሄድ ነበረብህ? ተቅማጥ ያስቸኩላል፤ አስፈላጊ ነው የሚል ሰው ግን አላየሁም። እንሰት ዝም ብሎ ዓመት ከዓመት ያድጋል፤ እሱን የዘነጋ ቤት ይራባል። ጽጌሬዳ የተቅማጡን አልጽፍም ብላ ተከራከረችኝ። ጻፊው አልኳት።

ምሳህን ትረሳለህ አልክ። የረሳኸው ምሳህን አይደለም፤ ማሳህን ነው።

ከደብዳቤህ ግርጌ ደግሞ ኢትዮጵያ ትቅደም ብለሃል። ትቅደም። ማን ከለከላት? እሷም የሁላችን ባይራ ናት እንበል። ባይራ ግን የሚቀድመው ማሳው ላይ ተገኝቶ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ቀደምኩ የሚል ባይራ አይቼ አላውቅም።

ዘሩ እየነቀዘ ነው። ና።

ዳልጮ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ።

ጤናዎን እመኛለሁ። ደብዳቤዎ በቁጣ የተሞላ ቢሆንም ቁጣው የፍቅር መሆኑን አውቃለሁ።

በያዝነው ወር ተከታታይ ስብሰባዎች አሉብኝ፤ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቅ ማለት አልችልም። ጉዳዩን ሳሰላስል መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያውን እፍኝ ለመበተን የእኔ እጅ የግድ አያስፈልግም። ስለዚህ ተራዬን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። እርስዎ ቀድመው ይዝሩ። ሥራን ማካፈል የጥሩ ሠራተኛ ምልክት ነው።

ኢትዮጵያ ትቅደም!

ደግፌ


ከገረሴ በላይ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ደግፌ ሆይ።

ሰላምታውን ጽጌሬዳ ከራሷ ትጻፍልህ። እኔ ዛሬ የለኝም።

ደብዳቤህን ይዤ ዱቡሻው ላይ ወጣሁ፤ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ድንጋይ ዘንድ፣ አባትህ ሲናገር ሰው ጸጥ የሚልበት። ጽጌሬዳን ጮክ ብለሽ አንብቢ አልኳት። "ተራዬን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ" የሚለው ላይ ስትደርስ ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሮ "ልጁ መቼ ሞተ?" አለኝ።

"አልሞተም፤ አዲስ አበባ ነው" አልኩ።

"ይህን የሚናገር እኮ ሟች ነው" አለ።

ምን እንደጻፍክ ታውቃለህ? በኛ ዘንድ ተራውን ለታናሹ የሚሰጥ የሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው ነው። ከሰጠ አይመልስም። ዛሬ እኔ ተቀብዬ ብዘራ ነገ ልጆችህ ከልጆቼ በታች ናቸው። ያንተ ልጅ ሸብቶም የእኔን የልጅ ልጅ "አንተ ቅደም" እያለ ይኖራል። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ሰጠኸኝ፤ ያውም "መፍትሔው ቀላል ነው" ብለህ። ሥራ ማካፈል ትለዋለህ። አባትህን ነው ያካፈልከው።

ሽማግሌዎቹ ተቀበል አሉኝ። የወንድሜን ቦታ በፖስታ አልወርስም አልኩ።

ይህን ጊዜ ደበሌ ተነሣ። "ገብስ ባይራ አያውቅም! አንተ በኩራትህ ልጆቼን ታስርባለህ። ከፈራህ ልዝራ፣ ጎሜው በእኔ ይሁን" አለ። ጽጌሬዳ ጎሜ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች፤ ሥርዓት ሲጣስ በልጅና በከብት የሚመጣ ቅጣት ነው አሏት። ደበሌን ተቀመጥ አልኩት። አልተቀመጠም። ጥሎን ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄን አልረገጠም። ወንድሜ ባይሆን ኖሮ ዱላዬ ይመልስለት ነበር። ያለው ውሸት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባልተናደድኩ።

ሌላ ልንገርህ። ካሱ የሻሺቱን ማሳ በገመድ ለክቶ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። በእኔና በደበሌ ላይ ደፍሮ አልመጣም፤ ባልቴት አገኘና ጀመረ። እሷ ሁላችንን ጠብቃ ነው ያልዘራችው። አላለቀሰችም። መጥታ ደጄ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ስጧት ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ፤ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ሸማ ነጋዴው አበጋዝ፣ የምታውቀው፣ ክር ጭኖ ከአዲስ አበባ ተመልሷል። "ደግፌን ታች ሲቀላ ከተማ አየሁት" አለ። የት? "ሆቴሉ በረንዳ ላይ፣ ካኪ ከለበሱ ሰዎች ጋር።" መቼ? ከመሥሪያ ቤቴ ፈቅ ማለት አልችልም ባልክበት ሰሞን። "ጠራሁት፣ እንዳልሰማ ሆኖ ገባ" አለ።

ሲቀላ መጥተሃል። ከተራራችን እግር ሥር ቆመሃል። ያንን ሁሉ አገር አቋርጠህ የቀረችው አቀበት ከበደችህ።

ስለዚህ ጊዜ አትበለኝ። የጠፋህ ጊዜ አይደለም። ምን እንደጠፋህ እንደ ወንድ ጻፍልኝ። ይህን ወረቀት አበጋዝ በእጅህ ይሰጥሃል፤ መልሱንም ለእሱ ስጠው።

ዳልጮ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1972 ዓ.ም.

አጎቴ ዳልጮ።

ይህን ጽጌሬዳ ለብቻዎ ታንብብልዎ፤ ካነበበች በኋላ ምድጃ ውስጥ ትክተተው።

ሲቀላ ነበርኩ። አበጋዝ ሲጠራኝ ሰምቻለሁ። ብቻዬን አልነበርኩም። ስብሰባው ሦስት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን አንድ ተናጋሪ ተነሥቶ በጋሞ ደጋ ገበሬው "ባይራ አልዘራም" እያለ ምርት እንደሚያዘገይ፣ ይህም የኋላ ቀርና የአድኃሪ ልማድ መሆኑን ተናገረ። እንደ ምሳሌ የጠቀሰው ገረሴን ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ለፓርቲው አደራጅ ኮሚሽን በእጩነት ስሜ ተይዟል። እኔ እዚያ ወጥቼ ያችን እፍኝ ስበትን ካሱ ቢያይ በሳምንቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትደርሳለች። ከዚያ ሥራዬ ብቻ አይደለም የሚቀረው። ጎረቤቴ በትንሽ ነገር ተጠርቶ ሄዶ አልተመለሰም። ልክነሽ ነፍሰ ጡር ናት።

ጊዜ የለኝም ማለት ቀላል ነበር። ሁሉም ሰው ያምነዋል።

ሻሺቱን ምን እንደምላት አላውቅም። ተራዬንስ ይውሰዱት። አሁን ትርጉሙን አውቄ ነው የምጽፈው።

ደግፌ


ከገረሴ በላይ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለባይራዬ ለደግፌ።

ልክነሽን በሰላም ያዋልዳት። ይህን አስቀድሜ ያልኩት ከሁሉ የሚቀድም ስለሆነ ነው።

ወረቀትህ ተቃጥሏል። ጽጌሬዳ ስታነብልኝ ድምጿ ቀነሰ፤ እኔም አንድ ጊዜ ብቻ አስነበብኳት።

ፈራሁ ማለትህን አልንቅም። እኔም በጃንሆይ ጊዜ ባላባት ፈርቻለሁ። አጨበጨብኩ ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። እጅህ ለማጨብጨብ ጊዜ አገኘ፤ እፍኝ ገብስ ለመበተን አላገኘም። ይህን አልረሳልህም። ሞቼም አልረሳልህም።

ተራህን አልወስድም። ይህን ሁለተኛ አትጻፍልኝ።

አሁን እኔ ፕሮግራም ላውጣልህ። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ አበጋዝ በሸማ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ይሰጥሃል። ገብስ ነው፤ ከአባትህ ጎተራ የወጣ። ቋጠሮውን እኔ አሰርኩት፤ ሸማውንም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እንዳትጥለው። እሑድ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከቤትህ ጓሮ አፈር ባለበት ቦታ ፊትህን ወደ ገረሴ መልሰህ በትነው። ሰው ቢያይህ የእርሻ ሠራተኛ ነህ፤ ገብስ ቢዘራ ማን ምን ይለዋል? እኛ ሰኞ እንዘራለን። እኔ፣ ቀጥሎ ደበሌ። ሻሺቱም ትዘራለች፤ ከማሳዬ ጎን ቆርጬላታለሁ።

ሽማግሌዎቹን ጠይቄአለሁ። ተከራከሩ። "ባይራ ከአባቱ አፈር ውጪ ዘርቶ ያውቃል?" አሉ። የአባቱ አፈር የተከለከለ ባይራስ ታይቶ ያውቃል? አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ "እፍኙ ከቀደመ ቀድሟል" አለ።

ዘርተህ እንደሆነና እንዳልሆነ ሰኞ አላውቅም። አምኜህ እዘራለሁ። ካልዘራህ ጎሜው በእኔና በእነዚህ ልጆች ላይ ነው። እንግዲህ አስቸኳይም አስፈላጊም የሆነው የትኛው እንደሆነ እዚያ ምደብ።

ዳልጮ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 6 ቀን 1972 ዓ.ም.

አጎቴ ዳልጮ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እሑድ ጠዋት ዘራሁ። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ልክነሽ ጎመን ከተከለችበት አጠገብ። ልክነሽ በመስኮት አይታኝ "ምን እየሠራህ ነው?" አለች። "እየቀደምኩ ነው" አልኳት። አልሳቀችም፤ ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

የቀበሌው ጸሐፊ ስንቱን የሚያይ ዓይን አለው መሰለዎት፣ በማግስቱ "ጓድ ደግፌ፣ ይህ ምንድን ነው?" አለኝ። የሙከራ ዘር ነው አልኩት። "ጥሩ፣ ውጤቱን አሳውቀኝ" አለ።

በቅሏል። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለእርስዎ ነው የምነግረው።

ልጅዎ ደግፌ


ከገረሴ በላይ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለባይራችን ለደግፌ ኦይታ፣ ለልክነሽና ለአዲሷ ልጅ።

የልጅቷን መወለድ አበጋዝ ነግሮኛል። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ወረቀትህ ዘግይቶ ደረሰኝ። መብቀሉን ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹም ሰምተዋል። ደበሌ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ፤ ይቅርታ አላለም፣ እኔም አላልኩ፣ አብረን በላን።

ደስ ብሎኝ የምጽፍ እንዳይመስልህ። ዘግይተን ዘርተን ገብሱ ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ ጥሎን ሄደ። ግማሹ ዛላ ባዶ ነው። ስትጨብጠው ገለባ ነው። ያንተ ሰሌዳ ልክ ነበር፤ የሰሌዳው ጌታ ነው ያልነበረው። ዘንድሮ በእንሰት እንከርማለን። ደበሌ አንድ ጊደር ሸጧል።

የሻሺቱ ማሳ ላይ የሰው ገብስ ታጨደ። ከእኔ ማሳ ጎን ሆና አየችው። ካሱን "መልስላት" አልኩት፤ "የላይ ወረቀት ካመጣህ" አለኝ። የላይ ወረቀት የሚጽፈው ማን ነው ደግፌ? ሰሌዳውን የጻፈ እጅ ይምጣና ራሱ ይንገረው። የሙከራ ዘር ብለህ የቀበሌን ጸሐፊ ከመለስክ ለካሱም የምትለው አታጣም።

መስቀል ደርሷል። ከአዲስ አበባ ሸማ ሠሪው ሁሉ እየመጣ ነው፤ ሲቀላ የሚደርሰው አውቶቡስ ጣራው ድረስ ሰው ነው አሉ። መስቀል ሲሆን ማንም ማንንም ለምን መጣህ አይልም፤ ካሱ ራሱ ሥጋ ሊበላ ይመጣል። በሬው ተገዝቶ ከአባትህ ደጅ ታስሯል። ቢላዋውን ስዬዋለሁ። አንተ ሳትጀምር እኔ አላርድም፤ እኔ ሳላርድ ደበሌ አያርድም፤ በዚህ ሁሉ ደጅ ልጆች ምራቃቸውን እየዋጡ ይጠብቁሃል።

ገብስ በጨርቅ ተቋጥሮ ተላከልህ። በሬ አይቋጠርም።

አጎትህ ዳልጮ ዳና